ጀግና ከመባሉ በፊት



ለዚህ መድረክ ስላበቃችሁኝ የሰፈሩን ወጣቶች የንባብ ክበብ አመሰግናለሁ። ቅድም አስተባባሪዋ እህታችን ስሜን ከነአባቴ ጠርታ «ወደ መድረክ ይምጡልን» ስትል ሰምታችኋል። ያንን አጠራር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የተላከልኝ የግብዣ ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው። «በኮሪያ ዘመቻ ስለወደቁ ጀግኖቻችን ዲስኩር እንዲያሰሙልን» ይላል። በዚያች አንድ ገጽ ውስጥ «ጀግና» የሚለው ቃል 7 ጊዜ ተጽፏል፤ ቆጥሬዋለሁ። በቃሉ ቅር አላለኝም፤ ሲያንሳቸው ነው። ግን «ልጅ» የሚል ቃል ብፈልግ አጣሁ። ስለዚህ ፈቃድ ሳልጠይቅ ርእሱን ትንሽ ሸርፌዋለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ጀግናው አይደለም፤ ጀግና ከመባሉ በፊት ስለነበረው ልጅ ነው።

ነገሬን በ4 ከፍዬዋለሁ። አንደኛ፣ የሄደው ማን ነበር? ሁለተኛ፣ የቀደሙት ሰዎቻችን በጦር ሜዳ የቀረ ልጅን እንዴት ያስታውሱ ነበር? ሦስተኛ፣ ኮሪያ ላይ የወደቁት ልጆቻችን እንዴት ተረሱ? አራተኛ፣ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ምን እናድርግ? ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ቡናው እየተቆላ መሆኑን ሽታው ነግሮኛል።

አንደኛ፤ የሄደው ማን ነበር?

ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለልጆቹ ስል ባጭሩ ልድገመው።

ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ወደ ደቡብ ተሻገረ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች ጦር እንዲያዋጡ ጠየቀ። ጥሪው ከደረሳቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህች አገር በሰኔ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቷን ጄኔቫ ልካ «ተወርሬያለሁ፣ ድረሱልኝ» ብላ ደራሽ ያጣች አገር ናት። ከዚያ ወዲህ ገና 15 ዓመት መሙላቱ ነው። «እኛ ስንጮህ ማን ሰማን?» ብትል የሚፈርድባት አልነበረም። እሷ ግን «ጩኸት ሰምቶ ዝም ማለት ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ» ባይ ሆነች፤ ጦር ላከች።

ዘማቾቹ ከክቡር ዘበኛ ተመረጡ። ለሻለቃው የወጣለት ስም «ቃኘው» ነው፤ የራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ አባ ቃኘው። የመጀመሪያው ቃኘው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከለገሃር በባቡር ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያ በአሜሪካ መርከብ ሳምንታት ሙሉ ባሕር ላይ ቆይቶ በወሩ መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰለፈ። ከእሱ በኋላም ሌሎች ቃኘዎች እየተተካኩ ሄዱ፤ የተኩስ አቁሙ ከተፈረመ በኋላ የሄዱትን ጨምሮ በጠቅላላው ከ6,000 ሰው በላይ ዘምቷል። ተኩስ አቁሙ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። ከእኛ ከ120 በላይ ሞቱ፤ 536 ቆሰሉ። ምርኮኛ ሲለዋወጡ ደግሞ ከወዲያ በኩል የመጣ አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረም። አንድም።

ይህ የጀግናው ታሪክ ነው። በየመጽሔቱ ወጥቷል፣ በየበዓሉ ተነግሯል፣ ገና ይነገራል። አሁን ልጁን ላምጣው።

ይቺን ፎቶግራፍ አያችኋት? ከኋላ ያላችሁ እንደማታዩ አውቃለሁ፤ መዳፍ የምታህል ናት፤ ስለዚህ በቃል ላሳያችሁ። ይህ ልጅ የሴት አያቴ ታናሽ ወንድም ነው። ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሣው ሊዘምት ሰሞን ነው። ከኋላው ሸራ ላይ የተሣለ ዓምድና የአበባ ማስቀመጫ አለ፤ ሸራው ግን እስከ መሬት ስላልደረሰ ከታች የፎቶ ቤቱ ግድግዳ፣ የተላላጠው ኖራ ይታያል። የደንብ ልብሱ ሰፍቶታል። እጅጌው ወርዶ የጣቶቹን ጫፍ ብቻ አስቀርቷል። ጆሮዎቹ ቆመዋል። ኮስተር ለማለት እየታገለ ነው፤ ግን የከንፈሩ ጥግ አምልጦታል። ፎቶ አንሺው አጠገብ ሆኖ የሚያስቀው ጓደኛ እንደነበረ ያስታውቃል።

አሁን ልገልብጣት። ጀርባዋ ላይ በሐምራዊ ቀለም፣ በሚንጋደድ ጽሕፈት እንዲህ ይላል። «ለውድ እህቴ መታሰቢያ ይሁንሽ። ጥቁሩ ጫማዬ ሶል ሊቀየርለት ጫማ ሰፊው ዘንድ ነው። 50 ሳንቲም ቀሪ አለብኝ። ከፍለሽ አውጪልኝ።»

ቀለል አድርጋችሁ አትለፉት። ይህ ልጅ ባሕር ተሻግሮ፣ ስሟን ገና አፉ ያልለመደው አገር ሊዋጋ ነው። ሰው በዚያች ሰዓት ምን ይጽፋል? በፊልም ቢሆን ስለ አገርና ስለ ክብር ይጽፍ ነበር። እሱ ያሳሰበው የጫማው ነገር ነው። ለምን? ስለሚመለስ ነዋ! ጫማ የሚያሠራ ሰው ለመመለስ ያሰበ ሰው ነው። 50 ሳንቲም ዕዳ የጨነቀው ደግሞ በሰፈሩ ሰው ፊት ቀና ብሎ መሄድ የሚፈልግ ሰው ነው።

ዕድሜውን ብጠይቃት አያቴ በቁጥር አትነግረኝም ነበር። «ጣሊያን ሲገባ ጥርሱን ይነቅል ነበር» ትለኛለች። ስሉት እስቲ። ጣሊያን የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው። ጥርስ የሚነቀለው በ6 በ7 ዓመት ነው። እንግዲህ በ1943 ዓ.ም. ቢበዛ 22 ዓመቱ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ከኋላ በር ሥር ቆማችሁ ስልካችሁን የምትነካኩት ልጆች፣ እኩያችሁ ነው። ተቆጣሁ እንዳትሉ፤ እሱም ቢሆን ስልክ ቢኖረው ይነካካ ነበር።

እነዚያ ልጆች ኮሪያ ደርሰው ያዩትን አስቡ። እኛ ብርድ የምንለው የሐምሌን ዝናብና የኅዳርን ውርጭ ነው። እነሱ ውኃ በኮዳ ውስጥ ድንጋይ የሚሆንበት፣ ተራራው ከግርጌ እስከ አናቱ ነጭ የሚለብስበት ክረምት ገጠማቸው። ከጦሩም ሌላ ያዩት ነገር ነበር፤ እናት አባታቸውን ጦርነት የበላባቸው ሕፃናት። ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ የኛ ወታደሮች ለእነዚያ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ይረዱ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለውዳሴ አይደለም። ራሱ ከእናቱ ጉያ ትናንት የወጣ ልጅ፣ የሚያለቅስ ሕፃን አይቶ አያልፍም፤ ታናሽ ወንድሙ ይመጣበታል። ጀግናውን ብቻ የምናስታውስ ከሆነ ይህ ሁሉ ይቀራል። እንግዲህ አደራዬን አንድ ጊዜ ልበለው፤ ጀግናውን ስትዘክሩ ልጁን አትርሱ።

ሁለተኛ፤ የቀደሙት ሰዎቻችን እንዴት ያስታውሱ ነበር?

እኛ የምንረሳውን የቀደሙት ሰዎች ያውቁት ነበር። 4 ምስክር አቀርባለሁ።

የመጀመሪያዋ ምስክር አልቃሽ ናት። ዛሬ ሙያዋ እየጠፋ ነው፤ ትልልቆቹ ግን ታስታውሷታላችሁ። ጥሩ አልቃሽ ለቅሶ ቤት ስትመጣ ወዲያው አትጀምርም። ጓዳ ገብታ ዘመዱን ትጠይቃለች። ምን ይወድ ነበር? እናቱን ምን ብሎ ይጠራት ነበር? በሬው ስሙ ማነው? አካሄዱ እንዴት ነበር? ለምን ትጠይቃለች? «ጀግና ነበር» ብትል እንባ እንደማይወጣ ታውቃለች። ጀግና ብዙ ነው። «እርጎ ሲጠጣ አፍንጫውን የሚነክር» ያለች እንደሆነ ግን ቤቱ ይናጋል፤ ያ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ነው። አልቃሿ ያልተማረች የታሪክ ጸሐፊ ነበረች።

ሁለተኛው ምስክር ልብሱ ነው። ሰው በሩቅ ሞቶ አስከሬኑ ሳይመጣ ሲቀር ልብሱ ተዘርግቶ፣ ጋሻ ጦሩ ወይ ጠመንጃው አጠገቡ ሆኖ ይለቀስ ነበር። ልብስ የሰውዬውን ልክ ያውቃል። ትከሻው የት ድረስ እንደነበር፣ ክንዱ ምን ያህል እንደሚረዝም ይናገራል። አያቴም መርዶው በማለዳ ሲነገራት፣ ሽማግሌዎቹ ደጃፏ ላይ ቆመው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ገብቷት፣ ወደ ሣጥኑ ነበር የሮጠችው። ጫማውን አወጣችው። 50 ሳንቲሙን ከፍላ፣ ሶሉ ተለውጦ፣ አንድ ቀን ያልተረገጠበትን ጫማ። ሰፈሩ በፎቶውና በጫማው አለቀሰ።

ሦስተኛው ምስክር እነዚያው የቃኘው ወታደሮች ናቸው። ቅድም ከወዲያ በኩል የተመለሰ ምርኮኛ አልነበረም ብያለሁ። ይህ የሆነው በተኩስ ጎበዝ ስለነበሩ ብቻ አይደለም። የቆሰለውንም የሞተውንም ጥለው ስለማይመለሱ ነው። ሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ጓደኛን በጀርባ ማዘል ምን እንደሆነ ከፊት የተቀመጡት የኮሪያ ዘማች አባቶቻችን ይንገሩን። የሞተ ሰው ጥይት አይተኩስም። በጦርነት ሒሳብ ብትሄዱ ሬሳ መሸከም ኪሳራ ነው። እነሱ ግን ሒሳቡን በሌላ መዝገብ ያዙት። እናቱ «የታለ?» ብላ እንደምትጠይቅ ያውቃሉ። የወደቁት መጀመሪያ ፑሳን በተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ዐረፉ፤ በኋላም አፅማቸው ወደ አገሩ ተመለሰ።

አራተኛው ምስክር ስም ነው። እዚህ ላይ ነው ቅድም ያዙልኝ ወዳልኩት የምመለሰው።

እኛ ሐውልት ከማቆማችን በፊት በስም እናቆም ነበር። ወንድሟ የሞተባት ሴት ወንድ ልጅ ስትወልድ ምን ትለዋለች? ምትኩ። ካሣ። ካሣሁን። ተካ። ማስረሻ። ደም የፈሰሰበት ቤት ከሆነ ደመላሽ። «ማስረሻ» የሚለውን ስም እስቲ አስቡት። ልጁን ስትጠራ ሐዘኔን ያስረሳኝ ማለቷ ነው፤ ግን በጠራችው ቁጥር ታስታውሰዋለች። የሚያስረሳ ስም አውጥታ እስከ ዕለተ ሞቷ ስታስታውስ ትኖራለች። ከዚህ የረቀቀ መታሰቢያ ማን ሠራ?

አያቴ ወንድሟ በሞተ በዓመቱ ወንድ ልጅ ወለደች። አባቴ ነው። ስሙ ከእነዚህ ከጠራኋቸው አንዱ ነው። እንግዲህ አስቡት። አባቴ ትምህርት ቤት ስሙ በተጠራ ቁጥር፣ ቀበሌ መታወቂያ ባወጣ ቁጥር፣ ደመወዝ በፈረመ ቁጥር፣ አንድ የ22 ዓመት ልጅ ኮሪያ ላይ እንደቀረ ይነገር ነበር፤ የሚሰማው ባይኖርም። እኔ ደግሞ የሱ ልጅ ነኝ። ቅድም እህታችን ስሜን ከነአባቴ ጠርታ ወደ መድረክ ስትጋብዘኝ ያ ልጅ አብሮኝ ተጠራ። እናንተም አጨበጨባችሁለት።

ዛሬ ቤት ስትገቡ የአባታችሁን ስም፣ የአያታችሁን ስም ትርጉሙን ጠይቁ። «ዝም ብሎ የወጣ ስም ነው» የሚል ካለ አትመኑ። በየስማችን ውስጥ ያልተቀበረ ሰው አለ።

ሦስተኛ፤ እንዴት ተረሱ?

ይህን ያህል ማስታወስ የሚችል ሕዝብ እንዴት ይረሳል? ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ ቀስ ብዬ ልሂድበት።

የቃኘው ዘማቾች የክቡር ዘበኛ ልጆች ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከሸፈ። ከዚያ በኋላ ክቡር ዘበኛ ነበርኩ ማለት የሚያስኮራውን ያህል የሚያስፈራ ሆነ። ያ የመጀመሪያው ደመና ነው። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ አብዮቱ መጣ። አገዛዙ ሶሻሊስት ሆነ፤ ሰሜን ኮሪያ ወዳጅ አገር ሆነች። ትናንት የተዋጉት ኃይል ዛሬ ወዳጅ ሲሆን ዘማቹ ሜዳልያውን ምን ያድርገው? ሣጥን ግርጌ፣ ከአሮጌ ጋቢ ሥር ይሸሽገዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደዚያ ያደረጋችሁ አላችሁ። ራሳችሁን ስትነቀንቁ እያየሁ ነው።

አዲስ አበባችን ይህን ታሪክ በድንጋይ ይዛዋለች። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመውን የትግላችን ሐውልት ታውቁታላችሁ። በአብዮቱ 10ኛ ዓመት፣ በ1977 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ያሠራችው ሰሜን ኮሪያ ናት፤ የሚዘክረውም በኦጋዴኑ ጦርነት ከሶማሊያ ጋር ሲዋጉ የወደቁትን ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ነው። አፍንጮ በር ደግሞ ሌላ መታሰቢያ አለ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የቆመ፣ ሰሜን ኮሪያን ሊወጉ ሄደው ለሞቱት። ከአንዱ ወደ ሌላው በታክሲ የሚኬድ መንገድ ነው። አንድ እናት አንዱን ልጇን ለኮሪያ፣ የልጅ ልጇን ለኦጋዴን ሰጥታ ሊሆን ይችላል። ለእሷ እነዚህ ሁለት ሐውልቶች አይጣሉም። የተጣሉት መንግሥታት ናቸው።

ልቤ ላይ ያለውን ልናገር። ሙታንን የምናስታውሰው መንግሥት ሲፈቅድ ከሆነ፣ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር እንደገና ይሞታሉ። የወደቀው ልጅ ፖሊሲ አላወጣም። ውል አልፈረመም። ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት እንደሚሆን አላማከሩትም። ተሰለፍ አሉት፣ ተሰለፈ። የዘመቻው አስፈላጊነት ላይ እንከራከር፤ ክርክር ነውር አይደለም። ግን ክርክራችን የእሱን ፎቶ ከግድግዳ ማውረድ የለበትም። ጀግንነቱን ዘመን ሲሰጠው ዘመን ሲነሳው አየን። ልጅነቱን ግን ማንም መንግሥት አልሰጠውም፤ ማንም ሊነሳው አይችልም። ጀግናውን ስትዘክሩ ልጁን አትርሱ የምለው ለዚህ ጭምር ነው።

ሌላው የመርሻ መንገድ ማክበር ራሱ ነው። ይህ ሊያስቆጣችሁ ይችላል፤ ታገሡኝ። ስለ ዐድዋ ስናወራ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ፣ አባ መላ፣ አባ ቃኘው እንላለን። የፈረሱን ስም እናውቃለን፤ ልጓሙን የያዘውን ልጅ ስም አናውቅም። ኮሪያም እንዲሁ ሆነ። ሻለቃው በፈረስ ስም ይጠራል፤ ጦር አዛዡን፣ ኮሎኔል ከበደ ገብሬን፣ መጻሕፍት ያነሷቸዋል፤ ይገባቸዋልም። ሌላው ግን ቁጥር ሆነ። «ከ120 በላይ» አልን፤ እኔም ቅድም አልኩት። ቁጥሩ ውስጥ ያለው ልጅ እርጎ ይወድ ወይ ይጠላ እንደነበር ጠያቂ የለም።

እንግዲህ ኮሪያውያኑን ተመልከቱ። ቹንቾን ከተማ ላይ ለኛ ልጆች መታሰቢያ አቁመዋል፤ በ1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተዋል። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው አቅራቢያ የመታሰቢያ አዳራሽ ከፈቱ፤ ጣሪያው የኛን ጎጆ ቤት ይመስላል። አጠገቡ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ ቡና ቤት አለ። ማታ ማታ ሥራ ውሎ የደከመው የቹንቾን ሰው እዚያ ገብቶ ቡናውን ፉት ይላል። መታሰቢያ ማለት ይህ ነው። በዓመት አንድ ቀን አበባ ከማኖር ይልቅ በየማታው አንድ ስኒ ይበልጣል።

አራተኛ፤ ምን እናድርግ?

መንግሥት ምን ያድርግ የሚለውን ለሌላ ቀን ትቼዋለሁ። የምናገረው እኔና እናንተ ዛሬ ማታ ልናደርገው ስለምንችለው ነው። ገንዘብ አይጠይቅም።

አንድ። ፎቶግራፎቹን አውርዱና ገልብጧቸው። ጀርባቸው ባዶ ከሆነ ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደተነሣ በእርሳስ ጻፉበት፤ የብዕር ቀለም ወደ ፎቶው ፊት ዘልቆ ያበላሸዋል። ማን እንደሆነ የምታውቀው አክስታችሁ ብቻ ከሆነች ቅዳሜን አትጠብቁ፤ ነገ ሂዱ።

ሁለት። ሽማግሌዎቻችንን በስልካችሁ ቅረጹ። ስትጠይቁ ግን እንደ አልቃሿ ጠይቁ። «ስለ ጀግንነትዎ ይንገሩን» ካላችሁ በየበዓሉ የተናገሩትን ይደግሙላችኋል። «አጠገብዎ የሚተኛው ልጅ ማን ነበር? በምን ትጣሉ ነበር? ሲያንኮራፋ ምን ታደርጉት ነበር?» በሏቸው። ያኔ ዝም ይላሉ፤ ይስቃሉ፤ ከዚያ የማታውቁትን ሰው ስም ይጠሩላችኋል። ያንን ስም ያዙ። ከፊት የተቀመጡት አባቶች ዛሬ 90 ዓመት አልፏቸዋል። እነሱ ሲያልፉ የእነሱ ብቻ ሳይሆን፣ ጓደኞቻቸው የቀሩላቸው የመጨረሻ ትዝታ አብሮ ይቀበራል።

ሦስት። የክርስትና ስሙን ፈልጉ። ቤተ ክርስቲያን የሞተን ሰው የምታስበው በክርስትና ስሙ ነው፤ በየቤቱ ግን ያ ስም ጠፍቷል። ሙስሊም ወገኖቻችን በዱዓ ስታነሡት ከነአባቱ፣ ከነአያቱ አንሡት። ለልጆቻችሁ በቃል ብቻ አትንገሩ፤ ጻፉት።

አራት። ይህ ከሁሉም ይከብዳል። የወዲያኛውንም ልጅ አስቡ። የኛ ልጅ ያለመበት፣ በኛ ልጅ ላይ ያለመው፣ እሱም ፎቶ ቤት ገብቶ ለእህቱ የተወላት ፎቶ ነበረው። ኮሪያ ሩቅ ነው፤ ቀላል ይመስላል። አጠገባችን ስንመጣ ግን ይቸግራል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድመ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ያለቁት ልጆች እናቶች የሚያለቅሱበት ዜማ አንድ ነው። የቆመ ጆሮና የሰፋ እጅጌ በሁሉም ወገን ነበር። አሁንም «ይመጣል» ብለው በር የሚያዩ አሉ፤ መርዶ ያልተነገራቸው፣ ልብስ ዘርግተው ማልቀስ እንኳ የፈሩ። ጎረቤታችሁ እንደዚያ ያለች እናት ካለች ስለ ልጇ ጠይቋት። የማን ወገን እንደነበረ ሳይሆን ምን ይወድ እንደነበረ ጠይቋት።

ጨረስኩ። የጫማውን መጨረሻ ነግሬያችሁ ልውረድ።

አያቴ ያንን ጫማ አርባ ዓመት አስቀመጠችው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለፋሲካ ዋዜማ፣ ታወጣውና ቅቤ አስነክታ ትወለውለዋለች። አባቴ እንዲያጠልቀው አልፈቀደችም። ቤታችን ውስጥ ያ ሰውዬ ግዙፍ ነበር። ተራራ ላይ የተዋጋ፣ ባሕር የተሻገረ፣ ስሙ ሲነሣ ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉለት። እኔ በልጅነቴ ራሱ ጣሪያ የሚነካ ሰው አድርጌ ነበር የምስለው።

16 ዓመቴ ላይ አያቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ሣጥኑን ከፈትኩት። ጫማውን አወጣሁት። ይሰፋኛል፣ እንደ ጀልባ ይዋኝብኛል ብዬ ነበር። እግሬን ሰደድኩት፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ገፋሁ። ተረከዜ አልገባም አለ። ጫማው ጠበበኝ።

ሣጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ወሬ፣ ያ ሁሉ ሜዳልያ፣ እግሩ ከኔ እግር ያነሰ ነበር። በዚያው እግር ነው በረዶውን የረገጠው። አያቴ ስትመለስ ጫማውን ይዤ አገኘችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ፈራሁ። ከእጄ ተቀበለችኝና በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረግ ጠረግ አደረገችው። «እግሩ ትንሽ ነበር» አለችኝ፤ «ገና ያድግ ነበር።»